አስተርጓሚው ያልተረጎመው ቃል

ድሬዳዋ ላይ የሚያጠነጥን ታሪካዊ የወንጀል ልቦለድ በተከታታይ ቅጾች መጻፍ ለሚያስብ ሰው፣ ከ1895 እስከ 1909 ዓ.ም. ያለው ዘመን የተመቸ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ እስኪተካና ሥራው እስኪቀጥል ድረስ ባቡሩ ከዚህ አላለፈም። ከፉርጎ የወረደው ዕቃ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፣ ከደጋ የመጣው ቡናና ቆዳ ወደ ፉርጎ ይወጣል። ፈረንሳይኛ የሚጽፈው የኩባንያ ጸሐፊ፣ ሶማሊኛ የሚናገረው ባለ ግመል፣ ኦሮምኛ የሚናገረው ነጋዴና አማርኛ የሚናገረው የጉምሩክ ሹም እዚያው ይገናኛሉ። የሁሉም ጉዳይ በአንድ ሰው አፍ ያልፋል፣ በአስተርጓሚው። ወንጀለኛችሁን ከዚያ ፈልጉት።

ወንጀለኛው የማያሳምነው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ከግድያው ስለሚጀምር ነው። እናንተ ከቁጥር ጀምሩ። ነጋዴው 40 ጆንያ ቡና ይላል፤ አስተርጓሚው ለጉምሩኩ 38 ብሎ ይተረጉማል፤ የሁለቱን ጆንያ ቀረጥ ይካፈላሉ። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን ለመሸፈን፣ ጆንያውን የቆጠረውን ኩሊ ዝም ለማሰኘት ይመጣል። ሞት ሦስተኛ ነው። በየደረጃው «ዛሬ እውነቱን ቢናገር ምን ያጣል?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። በመጀመሪያው ቅጽ ጥቂት ብር፣ በሁለተኛው ሥራውን፣ በሦስተኛው ሽማግሌ ብለው ለዕርቅ የሚጠሩትን የመጋላ ሰፈር ሰዎች እምነት። መልሱ እያደገ ካልሄደ ታሪኩ ይላላል። ከላይ ደግሞ ሐዲዱ አለ። ባቡሩ ወደ አዋሽ ባለፈ ቀን ጭነቱ ድሬዳዋ ላይ አይራገፍም፣ የእሱም እንጀራ ያበቃል። ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የኩባንያውን ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነውና።

መርማሪው ደግሞ የጉምሩክ ጸሐፊ ይሁን። በ1895 የ24 ዓመት ወጣት ከሆነ በ1909 38 ይሞላዋል። እድገቱን በጠባዩ ብቻ አትለኩት፤ በጆሮው ለኩት። በመጀመሪያው ቅጽ በኦሮምኛ የሚያውቀው ሰላምታና ጥቂት ቁጥር ነው። በሁለተኛው የገበያ ክርክር ይከተላል፣ ሰዎች ሲፈጥኑ ግን ይጠፋበታል፤ እዚህ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ በደንብ ባልሰማው ቃል ንጹሕ ሰው ይክሰስ። በሁለት ቅጾች መካከል በአንድ ሌሊት ቋንቋ የለመደ መርማሪ አንባቢን ያስቀይማል።

በሦስተኛው ቅጽ የወንጀለኛው መጋለጥና የመርማሪው እድገት በአንድ ቃል ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ቅጽ አንዲት ምስክር በኦሮምኛ «ኤሱማ» ትላለች፤ አስተርጓሚው «አጎቱ» ይላል። ትርጉሙ ውሸት አይደለም። ግን አማርኛ የአባትንም የእናትንም ወንድም አጎት ሲል፣ ኤሱማ የእናት ወንድም ብቻ ነው። ዳኞቹ የአባትየውን ወንድም አሰሩ፤ አስተርጓሚው ሰምቶ ዝም አለ። መርማሪው ከዓመታት በኋላ አንድ ሕፃን የእናቱ ወንድም ላይ ተንጠልጥሎ «ኤሱማ!» ሲል ይሰማል። ለእኔ ከየትኛውም የደም ጠብታ የሚበልጥ ማስረጃ ይህ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ቃሉ በመጀመሪያው ቅጽ ገጽ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት፣ በሌሎች ሁለት ሦስት ቃላት መካከል፣ ሳይደምቅ። ኋላ የተፈጠረ ማስረጃ ማጭበርበር ነው።

አስተርጓሚው በ300 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ከገጽ 40 በፊት ይግባ፣ ሲገባም ይጥቀም። አንድ ጊዜ መርማሪውን ተከራክሮ ትክክል ሆኖ ይገኝ፤ አንድ ጊዜ ዋጋ የሚያስከፍለው ደግነት ያድርግ።

የቦታውም ነገር ይጠና። የከተማውን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን በከተማው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያስኬደበት ደራሲ አንባቢውን እዚያው ያጣዋል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ያለ ምስክር፣ በፈረንሳዩ ጸሐፊ መዝገብ በቁጥር 3 ሆኖ ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ሄዷል። የሁለተኛው ቅጽ ሴራ በዚህ ብቻ ሊገነባ ይችላል።

ረጅም ኑዛዜ ይቅር። የመጨረሻው ምርመራ ያለ ሌላ አስተርጓሚ፣ በመርማሪውና በወንጀለኛው መካከል ብቻ ይሁን። መርማሪው በኦሮምኛ ይጠይቀው፤ እሱ በአማርኛ ይመልስ። መርማሪው ጥያቄውን በኦሮምኛ ይድገመው።