ቁመቱ እግሩ ሥር ነው፦ ረጅም ሸክላ በመንኮራኩር ላይ እንዴት እንዳወጣሁ

ሳህንና ኩባያ በመንኮራኩር ላይ ያለ ችግር እየሠራ፣ ከአንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነገር ለማውጣት ሲሞክር ግን ሸክላው ወገቡ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወድቅበት ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ከብዙ ድካምና ከብዙ ብስጭት ይድናል ብዬ አምናለሁ። እኔ በዚያ ደረጃ ላይ ተቸክዬ የቆየሁት ቁመት ከየት እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለሸክላው ቁመት የሚሰጠው ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ተደብቆ የሚቀረው ጭቃ ነው፤ ያን ጭቃ ከተደበቀበት አስለቅቆ ወደ ላይ መላክ ያልቻለ ሰው ከላይ ምንም ያህል ቢስብ የሚያተርፈው ቀጭን ከንፈር ብቻ ነው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ የምለው የለኝም። ጭቃው የተፈጨ ገል ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ቅንጣቶቹ ግድግዳውን ደግፈው ያቆሙታልና። ፖርሴሊን የሚባለው ነጭና ልም ጭቃ ለዐይንም ለእጅም ደስ ቢልም ቁመት ለሚለማመድ ሰው አይሆንም። ጭቃው አየር እስኪለቅ ድረስ በደንብ ይታሻል፣ በመንኮራኩሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ እየሾለና ወደ ታች እየተጫነ መሀል ይይዛል፣ ከዚያም መሀሉ በጣት ተጭኖ ይከፈታል። ወለሉ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲቀረው ከመሀል ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ መሀል በጣት ይጠቀጠቃል፤ ይህ ካልተደረገ ሲደርቅ ወይም ሲተኮስ ወለሉ መሀል ላይ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ይወጣል። እስከዚህ ያለውን የትኛውም መጽሐፍ በትክክል ያስተምራል።

ችግሩ የሚጀምረው ግድግዳው ሲነሳ ነው። በተማርኩበት ሥልጠና «ረዘም ያለ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ» ላለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ጭቃ ጨምር። አንድ ኪሎ ተኩል ካልበቃ ሁለት ተኩል፣ እሱም ካልበቃ ሦስት ተኩል። ይህን ምክር የሰጡኝ አስተማሪ በሥራቸው የተካኑ ሰው ነበሩ፤ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው አልነገረኝም እንጂ። ሒሳቡን ግን ማንም ሰው በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። አንድ ሊትር እርጥብ ጭቃ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጭቃ 750 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ከዚህ ላይ 90 ያህሉን ይወስዳል። የቀረው 660 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ ቢውል ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ግድግዳው በአማካይ 9 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከቀረ ግን ያው ጭቃ 21 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። ዘጠኙ ሴንቲ ሜትር የትም አልሄደም፣ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ጭቃ መጨመር መሀል ማስያዙን ያከብዳል፣ ሥራው ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ውሃ ይጠይቃል፣ ውሃው ደግሞ ጭቃውን ያላላዋል። ተማሪው በመጨረሻ የሚያገኘው ያንኑ አጭር ዕቃ ነው፤ የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የተገለጠልኝ የሠራሁትን ዕቃ ከከንፈሩ እስከ ወለሉ በሽቦ ለሁለት ሰንጥቄ ማየት ስጀምር ነው። ሥልጠናው ይህን አይወድም ነበር። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለተረከቡት ዕቃ ቁጥር ስለሆነ ያልወደቀ ዕቃ መቁረጥ እንደ ብክነት ይቆጠራል፤ እንዲያውም አንድ ኃላፊ ገና ከመንኮራኩሩ ያልወረደ ዕቃ ስሰነጥቅ አይተው ጭቃው የተቋሙ ንብረት መሆኑን በጽሑፍ አስጠንቅቀውኛል። እርጥብ ጭቃ ተመልሶ ታሽቶ በማግስቱ ለሥራ እንደሚውል ሳይጠፋቸው! በዚህ ደንብ ምክንያት መደርደሪያው ሁሉ ማንም ውስጡን ባላየው አጭርና ከባድ ዕቃ ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ነው፤ ቁመት እስክትለምዱ ድረስ አንድም ዕቃ አታስቀምጡ፣ ሁሉንም ሰንጥቁ።

የተሰነጠቀው ዕቃ የሚያሳየው ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነበር። ከንፈሩ 5 ሚሊ ሜትር፤ ከወለሉ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ፤ ከዚያ በታች ጥጉ ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የጭቃ ጉብታ። የግድግዳው የውስጥ ገጽ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከወለሉ ጋር ጥግ በመሥራት ፈንታ በሰፊ ቅስት ይንሸራተታል፤ ቁመት ሊሆን ይገባው የነበረው ጭቃ ያለው በዚያ ቅስትና በውጭው ገጽ መካከል ነው። ከቅስቱ በላይ ያለው ስስ ቦታ ደግሞ ዕቃው የሚወድቅበት ወገብ ነው። የላይኛው ግድግዳ ክብደት በሙሉ በዚህ ስስ ቀለበት ላይ ያርፋል፤ መንኮራኩሩ ወለሉን ሲያዞር፣ የሠሪው እጅ ደግሞ ላይኛውን ክፍል በሰበቃ ሲይዝ፣ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ይኸው ቀለበት ነው። መጀመሪያ ሰያፍ ሽብሽቦች ይታዩበታል፣ ቀጥሎ ዕቃው ትንሽ ይንበረከካል፣ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። ተማሪው ግን ዕቃው የወደቀው እጁ ከንፈሩ አካባቢ ሳለ ስለሆነ ጥፋቱን እዚያው ላይ ይፈልጋል፤ እኔም ከንፈሩን እንዳልነካ፣ እንዳልጫን፣ እንዳልቸኩል ስመከር ነው የከረምኩት።

ምክንያቱ የእጅ አነሳስ፣ ማለትም ግድግዳውን በውስጥና በውጭ እጅ መካከል ይዞ ከታች ወደ ላይ መሳቡ ነው። የውጭ እጅ በተለምዶ የሚቀመጠው ግድግዳው ለጣት በሚመችበት ቦታ፣ ማለትም ከመንኮራኩሩ ገጽ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በታች ያለው ጭቃ በመጀመሪያው አነሳስ ሳይነካ ይቀራል፤ በሁለተኛው እጅ ከዚያው ከለመደው ቦታ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ወገቡ ሁለት እጥፍ ስሷል፣ ጥጉ ግን እንዳለ ነው። መፍትሔው ከእያንዳንዱ አነሳስ በፊት ጥጉን ማረድ ነው። የውጭ እጅ ጣት ወይም የእንጨት መፋቂያ ጫፍ ከመንኮራኩሩ ገጽ ጋር ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይገፋና ከጉብታው ሥር ቦይ ያወጣል። የውስጥ እጅ ጣቶች በወለሉ ላይ ተንሸራተው ጥጉ ድረስ ይደርሱና ቅስቱን ወደ ውጭ ገፍተው ቀጥ ያለ ጥግ ያደርጉታል። ከዚያ የውጭ ጣት ከውስጡ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ይጫናል፣ ወፍራም የጭቃ ቀለበት ከጣቱ በላይ አብጦ ሲታይ ያን ቀለበት እየነዱ መውጣት ነው። ቀለበቱ በዐይን ካልታየ የሚነሳ ጭቃ የለም፤ እጁ የሚያደርገው ግድግዳውን ማለስለስ ብቻ ነው። ጫናው ታች ላይ ይበረታል፣ እየወጣ ሲሄድ ይቀንሳል፣ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ይላላል፤ ከንፈሩ ሁልጊዜ ከግድግዳው ትንሽ ወፍሮ መቅረት አለበት።

በብዙዎች ዘንድ የተለመደው «በሦስት አነሳስ ጨርሱ» የሚለው ደንብ ልኩን ያለፈ ነው። ጥጉ ከታረደ ሁለቱ የመጀመሪያ አነሳሶች ብዙውን ቁመት ያወጣሉ፤ ካልታረደ ስድስቱም አያወጡም። ቁጥሩን መቁጠር ትቼ እያንዳንዱ አነሳስ ከታች ጭቃ ይዞ መውጣቱን ብቻ መመልከት ከጀመርኩ ወዲህ ሥራው ቀለለኝ።

ከአነሳሱ ቀጥሎ የተቀበልኩት መጥፎ ምክር «እጃችሁ ሁልጊዜ በውሃ የራሰ ይሁን» የሚለው ነው። እጅ ከደረቀ ጭቃውን ይይዘውና ይጠመዝዘዋል፤ እስከዚህ ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ በግድግዳው ላይ ቶሎ ስለሚሮጥ ከላይ ሳይደርስ እጁ ይደርቃል፤ ወደ ታች የሮጠው ደግሞ ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ ያንኑ ወገብና ጥግ ያላላል። ከመሀል ማስያዝ በኋላ እኔ የምጠቀመው በውሃው ሳህን ጠርዝ የሚጠራቀመውን ልል ጭቃ ነው። ልል ጭቃ በእጅና በግድግዳ መካከል ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ጭቃውንም ያን ያህል አያርሰውም። ከእያንዳንዱ አነሳስ በኋላ በእንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ስፖንጅ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ይጠረጋል፤ ይህ የማይታለፍ ነው።

የመንኮራኩሩም ፍጥነት ከቁመቱ ጋር መቀነስ አለበት። ሽክርክሪቱ ጭቃውን ከመሀል ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ሰፊና ረጅም ከንፈር ላይ ይህ ግፊት ይብሳል። በመጨረሻው አነሳስ ላይ በሰከንድ አንድ ዙር ገደማ ይበቃኛል፤ እጄም በአንድ ዙር ከጣት ስፋት በላይ አይወጣም። እጅ ከዚህ ከፈጠነ ጣቶቹ ያልነኩት ቦታ ይቀርና ግድግዳው ላይ ወፍራምና ስስ ጠምዛዛ መስመር ይተዋል። 30 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት እንግዲህ ሃያ ሰከንድ ያህልና ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው፤ ብዙ ተማሪ ይህን ያህል ጊዜ እጁን አጽንቶ አይቆይም፣ ምክንያቱም ክርኑን ጉልበቱ ላይ ማሳረፍ የሚችለው እስከ ግማሽ ቁመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተነስቶ መቆምና ክርንን ከጎን አጥብቆ መያዝ ነው። ተቀምጦ ረጅም ሸክላ ለማውጣት መሞከር ትከሻን ከመጉዳት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ግድግዳው ገና ከመጀመሪያው ወደ ውስጥ ማዘንበል አለበት፣ አፉ ከታቹ ጠበብ ይላል። በየአነሳሱ መሀል በሁለት እጅ ዙሪያውን ይዞ ቀስ ብሎ ማነቅ ያስፈልጋል፤ ማነቅ ዕቃውን ከማጥበብ በተጨማሪ ግድግዳውን መልሶ ስለሚያወፍር ለሚቀጥለው አነሳስ ጭቃ ያቀርባል። አፉ ግን ክንድ ከሚያስገባ በታች እንዳይጠብ ይጠንቀቁ፤ ሆድ ወይም አንገት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚወጣው ቁመቱ ሙሉ በሙሉ ከተገኘ በኋላ ነው።

ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ መጠቀምንና ዕቃውን በሁለት ክፍል ሠርቶ መገጣጠምን የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የመጀመሪያው ለጀማሪ አይመከርም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለጀማሪ ነው እላለሁ። የታችኛው ግማሽ ከውጭ፣ መንኮራኩሩ በዝግታ እየዞረ፣ የውሃው ብልጭታ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይሞቃል። ከዚህ ካለፈ ቆዳው ይደርቅና ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊትም ከታች መነሳት ያለበት ሁሉ ተነስቶ ማለቅ አለበት። ሁለተኛውን በተመለከተ፣ «መቀጠል ማጭበርበር ነው» የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ቢያዩት ጥሩ ነበር። በቻይና በጂንግደጀን ከተማ ትልልቆቹ የፖርሴሊን ማሰሮዎች በክፍል በክፍል ተሠርተው ነው የተጋጠሙት፤ የጥንት ግሪክ ሠሪዎችም እግሩን፣ ሆዱንና አንገቱን ለየብቻ እያወጡ ያያይዙ ነበር። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ስሠራ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። የታችኛው ክፍል ከንፈሩ ወፈር ብሎ ጠፍጣፋ ይደረግና ዲያሜትሩ በካሊፐር፣ ማለትም ባለ ሁለት እግር መለኪያ፣ ይለካል፤ ላይኛው ወለል የሌለው ሆኖ በሌላ ጣውላ ላይ በዚያው ልክ ይሠራል። ሁለቱም እኩል ጠንከር ሲሉ ጠርዛቸው በመርፌ ይጫራል፣ ልል ጭቃ ይቀባል፣ ላይኛው ተገልብጦ ይገጠማል፣ መጋጠሚያውም ከውስጥና ከውጭ ተጠቅጥቆ አንድ ጊዜ እንደገና ይነሳል። አንደኛው ከሌላው እርጥብ ከሆነ በማድረቂያው ላይ መጋጠሚያው ይለቃል።

ማድረቁ በዝግታ ይሁን። ከንፈሩ ከታቹ ቀድሞ ስለሚደርቅ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ነፋስ በአንድ ወገን የሚያገኘው ዕቃ በዚያ ወገን ቶሎ ደርቆ ስለሚኮማተር ወደዚያው ያጋድላል፣ በየጊዜው ማዞር ያስፈልጋል። በከፍተኛ ሙቀት የሚተኮስ ጭቃ ከእርጥብነቱ እስከ መጨረሻው ተኩስ ድረስ ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ እንግዲህ 30 ሴንቲ ሜትር የተተኮሰ ዕቃ የሚፈልግ ሰው 34 ያህል ማውጣት አለበት። በእቶን ውስጥ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪታለፍ፣ በኋላም በጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ጠባዩን በሚለውጥበት 573 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም መቸኮል አይገባም። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ይደረግ፦ ጭቃ ከመመዘናችሁ አስቀድሞ የእቶኑን የውስጥ ቁመት በራሳችሁ ሜትር ለኩ። እኔ በነበርኩበት ቦታ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ልክ የባዶው እቶን ነበር፤ መደርደሪያውና እግሮቹ ሲገቡ ምን ያህል እንደሚቀር የሚናገር ሰው አልነበረም፣ ከንፈሩ ክዳኑን የነካው ዕቃዬም ሳይተኮስ ተመልሶልኛል።