ቲም የት ሄደ?

ዉሃን፣ ሰኔ 1

ዛሬ የጋዎካዎ፣ የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ ሁለተኛ ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ የነበረው እንግሊዝኛ ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በሩ ግን ለ9 ሩብ ጉዳይ ሲል ይዘጋል። በሌሎቹ ትምህርቶች ፈተናው ከተጀመረ በኋላ እንኳ እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ያረፈደ ልጅ ይገባል። እንግሊዝኛ ላይ ይህ የለም። ወረቀቱ የሚጀምረው በማዳመጥ ስለሆነ፣ ድምፁ አንዴ ከተለቀቀ ወንበር የሚጎትት ሰው እንዲኖር አይፈለግም።

ከትምህርት ቤቱ ማዶ ከወላጆች ጋር ቆሜ ነበር። ከእናቶቹ ብዙዎቹ ለመልካም ዕድል ቀይ ቺፓዎ፣ የቻይና ባህላዊ ቀሚስ፣ ለብሰዋል። ጠዋት ማታ በተቀዳ ድምፅ "ሐብሐብ! ጣፋጭ ሐብሐብ!" እያለ መንደሩን የሚያደነቁረው ሻጭ ማጉያውን አጥፍቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጡሩምባ የነፋ መኪና አልሰማሁም። ጥጉ ላይ ያለው ጅምር ሕንፃ ሥራ አቁሟል። አንድ ሰፈር በሙሉ ለልጆች ጆሮ ብሎ ለ20 ደቂቃ ያህል ጸጥ ሲል ሳይ ሆዴ ተላወሰ። አጠገቤ የቆሙት እናት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልዩ ይሁን ደቂቃ ይቁጠሩ አላወቅሁም።

የእኔዎቹ ልጆች፣ በሳምንት አንዴ የማገኛቸው ተማሪዎች፣ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። ገና 11ኛ ክፍል ናቸው፤ ትምህርት ቤታቸው መፈተኛ ስለሆነ ለእነሱ ዕረፍት ነው። ተራቸው የሚመጣው ዓመት ነው። እዚያ በር ላይ ቆሜ ሳስብ የነበረው ግን እነሱን ነው፤ በተለይ ሁለቱን። ከመጋቢት ጀምሮ በውስጤ ሲመላለስ የቆየውን ነገር ዛሬ ሳልጽፈው አልተኛም።

እንዴት እዚህ ክፍል እንደገባሁ ላስታውስ። አብራኝ ማስተርሷን የምትማር ቻይናዊት ጓደኛዬ በዚያ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የመመረቂያ ሥራዬ የማዳመጥና የማንበብ ችሎታ እንዴት ይመዘናል በሚለው ላይ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን ክፍሏን እንድጠቀም ፈቀደችልኝ። የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ደረስኩ። የጠዋት ንባብ የሚሉት ሰዓት ነበር፤ ሃምሳ የሚጠጉ ልጆች፣ እያንዳንዱ የራሱን ገጽ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ተቆልሎ ፊታቸው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይመጣል። ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ቤት አጠገብ የነበሩት የኔታ ደቀ መዛሙርት ትዝ አሉኝ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ግዕዝ ንባብ ላይ ነው፣ አንዱ ቁም ንባብ ደርሷል፤ የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያስተውን ልጅ በድምፁ ይለዩታል። የኔታ የሚፈትኑት በጆሮ ነበር።

እዚህ ግን ፈተናው ወረቀት ነው። ከእንግሊዝኛው 150 ነጥብ ማዳመጥ 30 ይይዛል፤ 20 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ አንድ ተኩል። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ንግግሮች አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ጊዜ። ማንበብ 50 ነጥብ አለው። የማዳመጡ ጥያቄም ምርጫዎቹም በእንግሊዝኛ ታትመው ልጁ ፊት ተቀምጠዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም።

በመጋቢት ያደረግኩት ቀላል ነገር ነበር። በርዝመትና በክብደት የሚመጣጠኑ ሁለት ታሪኮች አዘጋጀሁ። አንዱን ይሰሙታል፣ አንዱን ያነቡታል፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ጥያቄ፣ ሦስት ሦስት ምርጫ፣ ልክ እንደ ጋዎካዎው ማዳመጥ። በመጨረሻ፣ ጊዜ ስለተረፈኝ ብቻ፣ ከተሰማው ታሪክ አራት ዓረፍተ ነገር መርጬ ቃለ ጽሕፈት ሰጠኋቸው። ያ ትርፍ ጊዜ ባይኖር ኖሮ ምንም ሳላውቅ ወረቀቴን ሰብስቤ እሄድ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። በንባቡ ስድስት ከስድስት፣ በማዳመጡ አራት። ጥሩ ውጤት ነው። ቃለ ጽሕፈቷን ሳይ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው አገኘሁ። የተነበበው "ሺ አስክድ ሂም" ነበር፤ ጠየቀችው። እሷ የጻፈችው "አስክ ቲም" ነው፤ ቲምን ጠይቅ። በታሪኩ ውስጥ ቲም የሚባል ሰው የለም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በእርሳስ፣ በትንንሽ የቻይና ፊደል አንድ ነገር ጽፋለች፤ ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ፦ "ላውሺ (መምህርት)፣ ቲም ከዚያ በኋላ የት ሄደ?"

መልሼ መላልሼ ሰማሁት። ልክ ናት! ተናጋሪዋ ፈጥና ስትለው "ድ"ው ወደ "ት" ይሄዳል፣ "ህ"ው ይዋጣል፣ የሚቀረው "አስክቲም" ነው። ልጅቷ ጆሮዋ አልሳተም፤ የሰማችውን በትክክል ጻፈች። የጎደለው ሌላ ነው። በማንዳሪን ግሥ በጊዜ አይለወጥም፤ የትናንቱም የነገውም አንድ ቅርጽ ነው። ክፍለ ቃሉ በተነባቢ የሚዘጋ ከሆነ በ"ን" ወይም በአፍንጫ በሚወጣው "ንግ" ነው፤ ሌላው ሁሉ ለጆሮዋ እንግዳ ነው። እሱም እሷም ደግሞ በአፍ "ታ" ናቸው፤ የሚለዩት በጽሑፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ ወረቀት ላይ "አስክድ ሂም" የሚለውን ከመለስተኛ ደረጃ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በዓይኗ ሺህ ጊዜ አይታዋለች። በጆሮዋ ግን ተዋውቀው አያውቁም።

ይህን በራሴ አውቀዋለሁ። ገበያ ላይ "ማይ" ብዬ ልግዛ ወይስ ልሽጥ እንዳልኩ ሳይገባቸው የሳቁብኝ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ መግዛትና መሸጥን የሚለየው የድምፁ መውጣትና መውረድ ነው። አገሬ ሳለሁ ደግሞ ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የማዳመጥ ፈተና ግን አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በዓይኔ ነው። የቻይንኛውን የቋንቋ ፈተና፣ ኤችኤስኬን፣ አራተኛ ደረጃ ስወስድ 45 የማዳመጥ ጥያቄ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍ፣ የማውቃቸው ቃላት በአጠገቤ እየሮጡ ሲሄዱ፣ እጄ በላብ ርሶ ነበር። እኛ "ገና" የሚለውን ጽፈን በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር የምንለየው ላልቶና ጠብቆ በጆሯችን ስለምናውቀው ነው። ፊደሉ ያልነገረንን ጆሮ ይሞላዋል። ለእነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ ተገልብጦ ነው የመጣባቸው፤ ጆሮ ያልያዘውን ዓይን ሞልቶላቸው ነው የኖሩት።

ሁለተኛው ልጅ ከኋላ ወንበር ነው። በማዳመጡ ሁለት ከስድስት አገኘ። ጓደኛዬ ስሙን ስታይ አንገቷን ነቀነቀች። ቃለ ጽሕፈቱን ሳነበው ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፊደል ስቷል፣ "ሂም"ን ግን ይዟታል። በዕረፍት ሰዓት ጠራነውና ታሪኩን በቻይንኛ ንገረን አልነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረን። ሴትየዋ በመጨረሻው ላይ እንደተቀየመች ሳይቀር ነገረን፤ ቃሉ የለም፣ ከድምፅዋ ነው ያወቀው። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ በእንግሊዝኛ ተንታኞች እንደሚያይ ያኔ ነው የነገረን። "ታዲያ ለምን አልመለስክም?" አለችው ጓደኛዬ። መሬት መሬት እያየ መለሰ፦ ምርጫዎቹን አንብቦ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ይጀምራል።

ወረቀቴን አወጣሁት። አራተኛው ጥያቄ፣ ሦስተኛው ምርጫ፣ እኔ ራሴ የጻፍኩት፦ "ሪላክታንት"፣ የሚያመነታ፣ የሚል ቃል አለበት። በተቀዳው ድምፅ ውስጥ የለም። ለማሳመር ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጁ እዚያች ቃል ላይ ተይዞ ቀረ፤ የሚቀጥለው ንግግር አለፈው፤ እኔም ከላይ "ማዳመጥ" ብዬ ሁለት ጻፍኩበት። ያ ሁለት የንባብ ውጤት ነበር። አንድን ልጅ ባልፈተንኩት ነገር ጣልኩት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መመረቂያ ሥራዬ ምን ይሆናል ብዬ አይደለም። ለዚህ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ሰው እንዲህ እያለ "መስማት አይችልም" ብሎ ጽፎበት ይሆን ብዬ ነው።

በሚያዝያ ሌላ ታሪክ ይዤ ተመለስኩ። በዚህኛው ጥያቄውንም ምርጫውንም በቻይንኛ አደረግኩት፤ ንባቡ እንዳያደናቅፋቸው። ከኋላ ያለው ልጅ አምስት አመጣ። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ግን ወደ ሁለት ወረደች። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ገባኝ። ለካ በመጀመሪያው ጊዜ አራት ያመጣችው የምትሰማትን አንዲት ቃል ከእንግሊዝኛ ምርጫዎቹ ጋር በዓይኗ እያገናኘች ነው። ታሪኩ ውስጥ ቲምን እየፈለገች አራት አመጣች። ዓይኗ ጆሮዋን ተሸክሞት ነው የኖረው። "ማዳመጥ ጎበዝ ነኝ" ብላኝም ነበር፤ እንዲህ ያላት የእኔ ዓይነት ፈተና ነው።

ሁለት ልጅ ጥናት አይሆንም፤ አውቃለሁ። አማካሪዬም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ነገር ግን አራት ያመጣችው አልሰማችም፣ ሁለት ያመጣው ሰምቷል። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች አይቼ ማንን ምን ላስተምር ነበር? ልጅቷን አመስግኜ፣ ልጁን ተጨማሪ የማዳመጥ ልምምድ ሰጥቼ እሸኝ ነበር። የሚያስፈልገው ግን ለእሷ ጆሮ፣ ለእሱ ንባብ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር በዚህ ተከራክረናል። እሷ የምትለው እውነት ነው፦ ጋዎካዎ ጥያቄውን በቻይንኛ አይጽፍላቸውም። ልጆቹ መልመድ ያለባቸው የሚመጣባቸውን ነው። ከአጠቃላዩ 750 ነጥብ ውስጥ አንድ ተኩል ነጥብ ከብዙ ሰው ያስቀድማል፤ ልጁ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ሊወስን ይችላል፣ ወላጅም ይጠይቃል። "የወረቀቱን ብልሃት ካላስተማርኳቸው ማን ያስተምርላቸዋል?" አለችኝ። ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ምርጫዎቹን ቶሎ አይተው ምን እንደሚጠየቁ እንዲገምቱ ታሠለጥናቸዋለች፤ ብዙ ልጆች ያድናል። ከምርጫዎቹ ውስጥ በድምፁ የሰማኸው ቃል ያለበትን ተጠራጠር የሚል ብልሃትም አለ። ይህኛው ያሳዝነኛል። አንድ ልጅ የሰማውን ቃል እንዲጠረጥር ማስተማር ከጆሮው ጋር ማጣላት ነው። ነገርኳት፤ ዝም አለች፤ በኋላ "እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት" አለችኝ። ከእሷ አልጣላም። ማታ ተማሪዎቹ እስኪወጡ የምትቆየው፣ ለእያንዳንዳቸው ደብተር በቀይ ቀለም የምትጽፈው እሷ ናት፤ እኔ በሳምንት አንዴ እንግዳ ነኝ።

በመጨረሻ የተስማማነው በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ቃለ ጽሕፈት እንድሰጥ ነው። ነጥብ የለውም፣ መዝገብ ውስጥ አይገባም። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በተራ ሰው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ደጋግመው ይሰማሉ። ከዚያ የተጻፈውን አሳያቸዋለሁ፤ ያኔ ክፍሉ "ኦ!" ይላል። የሚያውቁት ቃል ነውና። ያ "ኦ!" የሳምንቴ ትልቁ ደስታ ነው። ከኋላ ላለው ልጅ ደግሞ ጓደኛዬ አጫጭር ጽሑፎች በሰዓት እየለካች ታስነብበዋለች።

ያለፈው ሐሙስ፣ ለፈተናው ከመበተናቸው በፊት፣ ሆን ብዬ "ሂም" ያለባት ሌላ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። "ሺ ሄልፕድ ሂም"፤ ረዳችው። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። እጇን አነሳች፣ አራተኛ ጊዜ። ወረቀቷን ስሰበስብ "ሺ ሄልፕ" ብላ ጽፋ ከዚያ ቦታ ትታለች፤ አንድ ቃል የምታህል ክፍት ቦታ፣ መካከሏ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት። ሰው አልፈጠረችም። የሆነ ነገር እንዳለ ሰምታለች፤ ምን እንደሆነ ገና አልደረሰችበትም።

ወረቀቱ አሁን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነጥብ የለውም ብያለሁ፤ ግን ብሰጥ ለዚያች ክፍት ቦታ ስንት እንደምሰጣት ከሐሙስ ጀምሮ እያሰብኩ ነው። የማውቀው የፈተና ዓይነት ሁሉ ዜሮ ይላታል። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ አጠገቧ "እዚህ ሰው አለ፣ ሰምተሽዋል" ብዬ ጻፍኩ፤ ጓደኛዬ ነገ ወደ ቻይንኛ ትመልስልኛለች።