ሀዋሳ ተቀምጬ ለስዊድን ፓይክ የማይነቀል ፍላይ እንዴት እንደሰራሁ

እኔ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ነው የምጠግነው፣ የአጎቴ ልጅ ደሞ ስዊድን ነው ያለው፣ እዛ ከገባ ጀምሮ ፓይክ የሚባል አሳ ማጥመድ ልቡን ወስዶታል። ፓይክ እኛ ሀይቅ ውስጥ የለም፣ የኛ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ነው። እሱ የሰሜን አገር አሳ ነው፣ ረጅም፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ፣ ውሀ ውስጥ ሳር መሀል ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዴ የሚወረወር። የታችኛው መንጋጋው ላይ ትላልቅ ሹል ጥርሶች አሉት፣ ላንቃው ላይ ደሞ ወደ ጉሮሮው የተጋደሙ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጥርሶች፣ አንዴ የገባ ነገር ተመልሶ እንዳይወጣ።

ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ ጸጉርና ላባ ታስሮ ትንሽ አሳ እንዲመስል የሚሰራ ማታለያ ነው፣ ለፓይክ ሲሆን ከ15 እስከ 20 ሳንቲም ይረዝማል። ልጁ የሚገዛቸው ሁለት ሶስት አሳ ከነከሳቸው በኋላ ጸጉሩ ተነቅሎ ባዶ መንጠቆ ይቀራል። ፎቶ ልኮልኝ "አንተ እጅህ ጥቃቅን ስራ ለምዷል፣ እስቲ የሚቆይ ስራልኝ" አለኝ፣ 4/0 ቁጥር የሚባል ትልቅ መንጠቆም በሚመጣ ሰው ላከልኝ።

የመጀመሪያውን የሰራሁት በፍየል ጸጉር ነው፣ ከበግና ፍየል ተራ ከቆዳ ላይ ቆርጬ፣ መንጠቆውን ሞርሳ ላይ አስሬ ጸጉሩን ሁሉ በአንዴ ጠቅልዬ በልብስ ስፌት ክር ደጋግሜ አሰርኩት፣ ከላይ ስክሪን የምለጥፍበትን ዩቪ ሙጫ አፍስሼ መብራት አበራሁበት። ሲያዩት በጣም ያምራል። በፒንሳ ይዤ ስስበው ግን ጸጉሩ ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ ሙጫው እንደ ቆብ ብቻውን ቀረ። በምላጭ ሰንጥቄ አየሁት፣ ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው። ዩቪ ሙጫ ብርሀን ያልደረሰው ቦታ አይደርቅም፣ ይሄን በስራዬ በየቀኑ እያየሁት እዚህ ላይ እንዴት እንዳላሰብኩት። ጸጉሩም ሳይታጠብ ስብ ነበረው። ትልቁ ጥፋት ግን ብዛቱ ነው፣ ወፍራም ጸጉር በአንዴ ስታስር ክሩ የሚይዘው ዳር ዳሩን ነው፣ መሀል ያለውን የሚይዘው ነገር የለም።

መፍትሄውን ያገኘሁት ሀይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሳ ልገዛ ሄጄ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ መረብ ሲጠግኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። "ጋሼ፣ ለምንድነው እያንዳንዷን አይን ለብቻ የሚቋጥሯት፣ አያደክምም?" አልኳቸው። "ልጄ፣ አንዷ ብትበጠስ ሌላዋ ተከትላት እንዳትሄድ ነዋ" አሉኝ። በቃ፣ የቸገረኝ ነገር እዛው ተፈታልኝ።

ከዛ በኋላ እንዲህ ነው የምሰራው። መጀመሪያ የመንጠቆውን ዘንግ በአልኮል እጠርገዋለሁ፣ ከዛ ክር ጥቅጥቅ አድርጌ አለብሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ባዶ ብረት ያንሸራትታል። ክሩ የጫማ ሰፊዎች ናይሎን ሆኖ ተተርትሮ የቀጠነ ነው፣ የስፌት ክር ጠበቅ ስታደርገው ይበጠሳል። ጸጉሩን ከክብሪት እንጨት ባልወፈረ ጭብጥ እየከፈልኩ አስራለሁ፣ አንዱን አስሬ ስጨርስ ቋጥሬ ጠብታ ሱፐር ግሉ ክሩ ላይ፣ ጸጉሩ ላይ አይደለም ክሩ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ አደርግና ሲደርቅ ቀጣዩን። አንድ ፍላይ ላይ ስምንት ዘጠኝ ጭብጥ ይገባል፣ አንድ ሰአት ከግማሽ ይፈጃል። ዩቪ ሙጫው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስራውም ክሩን ከጥርስ መሸፈን ነው እንጂ ጸጉር መያዝ አይደለም፣ በስሱ ሶስቴ እየቀባሁ በየመሀሉ አደርቀዋለሁ።

ሱፐር ግሉ ሲበዛ ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ በጸጉሩ ውስጥ እየተሳበ ይሄድና ሲደርቅ እንደ መጥረጊያ ያደርቀዋል፣ ፍላዩ ውሀ ውስጥ መወዛወዙን ያቆማል። የማይወዛወዝ ፍላይ መቶ አመት ቢቆይ ምን ያደርጋል፣ አራት የሚሆኑ በዚህ አበላሽቻለሁ።

ጸጉሩንም ቀየርኩ። የአጎቴ ልጅ የእንስሳ ነገር ጉምሩክ ላይ ችግር ያመጣል ብሎ ስለፈራ እህቴ ጸጉር ቤት ከሚተርፈው ዊግ ወሰድኩ፣ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ። ይሄ ከፍየሉ በለጠ፣ ስብ የለው፣ ውሀ አይቋጥርም፣ ሲወረወርም አይከብድም። ዳሩን በመቀስ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ግን አይሆንም፣ እያሳሱ በእጅ መንጨት ነው፣ የአሳ ጅራት ይመስላል። (ለፍላይ የሚሸጥ ማራቡ የሚባል ለስላሳ ላባ አለ፣ ስሙ የመጣው በእንግሊዝኛ ማራቡ ከሚባለው ወፍ፣ ከኛው አባ ኮዳ ነው፣ አሁን የሚሸጠው ግን የተርኪ ላባ ነው። አሞራ ገደል የሚቆሙትን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።)

ሙከራውን በአምባዛ ጭንቅላት ነው ያደረኩት። አሳ የሚበልቱት ልጆች ለአባ ኮዳ ከሚጥሉት አንድ ሰጡኝ፣ የአምባዛ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ነው፣ መንጋጋውን በእጄ ገጥሜ ፍላዩን ሀምሳ ጊዜ ጎተትኩበት፣ የወጣው ጸጉር በጣት የሚቆጠር ነው። የፓይክ ጥርስ ግን መፈተግ ብቻ ሳይሆን ይቆርጣል፣ ስለዚህ አንዱን ፍላይ በምላጭ ክሩን አንድ ቦታ በጠስኩት። አንድ ጭብጥ ላላ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ጋሼ ያሉት ማለት ነው።

ስድስቱን በሰው ላኩለት። ሁለቱ ጠፉበት፣ በኔ ጥፋት አይደለም፣ ከፍላዩ በፊት የሚታሰረውን የብረት ሽቦ ሳያስር ወርውሮ ፓይኩ ክሩን ቆረጠው። አንዱ ግን አስራ አንድ አሳ ይዞ አሁንም አለ፣ ያጣው አይኖቹን ብቻ ነው፣ ከላይ ለጥፌያቸው ስለነበር። አሁን አይኑን አስቀምጬ የመጨረሻውን ሙጫ ከላዩ ነው የማለብሰው። ሌላ ያስተማረኝ ዝገት ነው፣ እርጥቡን ሳጥን ውስጥ ዘግቶት ሶስቱ መንጠቆ ዝገዋል፣ ጸጉሩ ደህና ሆኖ ብረቱ ቀድሞ መሄዱ ያናድዳል። ስለዚህ አድርቀህ ክተት ብዬዋለሁ፣ መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የወጣችውን እሾህም በፒንሳ እጨፈልቅለታለሁ፣ አሳውን መልሶ ስለሚለቀው ሲያወጣው አፉን እንዳይቀድ።

አሁን የጠየቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ጥቁር ሰንበር ያለው ነው፣ ፓይክ የሚበላውን ፐርች የሚባል አሳ እንዲመስል። ሰንበሩን በማርከር ሞክሬ ውሀ ውስጥ ሳሳድረው ለቀቀ፣ ትላንት ጥቁር ዊግ በስሱ መሀል መሀሉ አስሬ አሳድሬዋለሁ፣ ዛሬ ማታ ከሱቅ ስወጣ ነው የማየው።