የሴይቼንቶዋ ሊብሬ 1956 ይላል

ቡራዩ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ለምን እዚያ ድረስ ሄድክ ሲሉኝ ግቢው ሰፊ ስለሆነ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን መኪናዋን የማቆምበት ቦታ አጥቼ ነው። ፊያት 600 ናት። አዲስ አበባ የሚያውቃት በጣልያንኛ ስሟ ነው፣ ሴይቼንቶ። ትርጉሙም ያው ስድስት መቶ ነው። አንድ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ከተማውን ስታመላልስ ኖራለች። ዛሬ አንዷ በመንገድ ብታልፍ ሰው ቆሞ ያያታል።

የእኔዋ ግን አታልፍም። ገና ቆማለች። አስኮ አካባቢ ከአንድ ግቢ ጓሮ ጎትተን ስናወጣት ከኋላ ወንበሯ ሥር ሰባት እንቁላል አገኘን። የሻጩ እናት «እሱ ዋጋው ውስጥ የለም» ብለው በነጠላቸው ቋጥረው ወሰዱት።

እንቁላሉ አልነበረም ችግሩ። ከሻጩ በፊት የነበረ ባለቤት ለአንድ ጋራዥ ሰጥቷት፣ ጋራዡ ግማሹን ፈትቶ ትቷታል። እኔ የተረከብኩት አንድ መኪናና ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ብረት ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ምኑም ምኑም ተደባልቆ። ፎቶ የለም፣ ወረቀት የለም። ያን ቀን ማታ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ። ያልተፈታውን ግማሽ ሳልመዘግብ አንዲት ቡሎን አልፈታም።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጥገና አይደለም። ጥገናው ገና ነው። የስምንት ወር የምዝገባ ሥራዬን ነው የማካፍላችሁ። አሮጌ መኪና ግቢያችሁ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሰዎች የኔን ስሕተት እንዳትደግሙ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የሁሉም ሰው ነው፤ ስልኬን አውጥቼ መቶ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ሳያቸው ግማሾቹ የማይረቡ ናቸው። የብረት ጉብታ ያለበት ጥቁር ነገር። የግራ ይሁን የቀኝ አይታወቅም። ስፋቱ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ማንሳት ጀመርኩ። ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ። በቅርቡ ፎቶ ውስጥ የልጄ የትምህርት ቤት ማስመሪያ አለች። ማስመሪያዋን እስካሁን አልመለስኩላትም።

ብረት ላይ ተመትተው የተቀረጹ ቁጥሮችን ለማንሳት ፍላሽ ዋጋ የለውም። ፊት ለፊት ያበራና ሁሉንም ያጠፋዋል። መብራት በጠፋ ማታ በድንገት ያወቅሁት ነገር አለ። የእጅ ባትሪውን በብረቱ ጎን አስተኝቶ ማብራት ነው። ያኔ ቁጥሩ ጥላ ይጥልና ይነበባል። ካልሆነ ቾክ። ቁጥሩ ላይ ነጭ ቾክ ታሻላችሁ፣ ላይ ላዩን በመዳፍ ትጠርጋላችሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሞተሯን ቁጥር ያገኘሁት እንዲህ ነው።

ሌላው መለያ ወረቀት ነው። የፈታሁትን በፌስታል እየከተትኩ፣ በማይጠፋ ብዕር እየጻፍኩ አስቀመጥኩ። ቤንዚን የነካው ብዕር ግን እንዴት እንደሚጠፋ ልንገራችሁ? በአንድ ሳምንት። ዐሥራ አንድ ፌስታል ጽሑፋቸው ወደ ሰማያዊ ውኃ ተቀየረ። አሁን የቲማቲም ድልህ ጣሳ እየቆረጥኩ፣ ቁጥሩን በምስማር እየነደልኩ በሽቦ አስራለሁ። ለቴስታታው፣ ማለትም ለሞተሩ ክዳን፣ ቡሎኖች ደግሞ ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ሥዬ፣ እያንዳንዱን ቡሎን በቦታው ሰክቼዋለሁ። ርዝመታቸው የተለያየ ነውና የትኛው የት እንደነበር ካልያዛችሁ በኋላ ታለቅሳላችሁ።

አሁን ወደ ሊብሬው ልምጣ።

ሊብሬዋ በውኃ ተነክቷል። የሲሲው ቦታ ጠፍቷል። የተሠራችበት ዘመን ግን በግልጽ ይነበባል፣ 1956። ፊያት 600 ለሕዝብ የቀረበችው በ1955 ጄኔቭ ላይ እንደሆነ አንብቤአለሁ። ስለዚህ በደስታ ሰከርኩ። የመጀመሪያዎቹ ዘር ናት ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው 633 ሲሲ ነው፣ የሲሊንደራቸው ስፋት 60 ሚሊሜትር። ጣልያን ያለችውን የአክስቴን ልጅ አስቸግሬ የ60 ፋሻ አስላክሁ። ፋሻ የምለው ፒስተን ላይ የሚገባውን ቀለበት ነው።

ፋሻው መጣ። ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ የሰፈራችን መካኒክ ናቸው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ፣ ግን ኮፈን የተከፈተበት ቦታ ሁሉ አይጠፉም። በወጣትነታቸው እነዚህኑ ታክሲዎች ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ቀለበቱን አንስተው ሲሊንደሩ ውስጥ ገፋ አደረጉት። ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም። ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡና በክፍተቱ አስገቡት። እርሳሱ ገባ።

«ይሄ የእሷ አይደለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሊብሬዋ እኮ 1956 ነው የሚለው» አልኩ።

እርሳሱን እየጠረጉ ዞር ብለው አዩኝ። «በማን ቁጥር የኔ ልጅ? በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ዝም አልኩ። ሌላ ምን ይባላል። በእኛ 1956 ማለት በፈረንጅ ከመስከረም 1963 እስከ መስከረም 1964 ያለው ነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀን ስቀይር የምውል ሰው። ሲሊንደሩን በካሊፐር ስንለካው 62 ሚሊሜትርና ትንሽ መጣ። ትንሿ በመበላት የመጣች ናት። 62 ደግሞ በ1960 የመጣችው 600ዲ ናት፣ ባለ 767 ሲሲዋ።

ያኔ ነው በሮቿ ትርጉም የሰጡኝ። በሮቿ ማጠፊያቸው ከኋላ በኩል ነው። ስትከፍቷቸው የፊተኛው ጫፍ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ፋብሪካው ይህን በ1964 ቀይሮ ማጠፊያውን ወደ ፊት አመጣው። በ1965 ደግሞ የፊት መብራቶቹን አተለቃቸው፤ የእኔዋ መብራት ትንሹ ነው። ሞተሯ ከ1960 ወዲህ ይላል። በሯ ከ1964ቱ ለውጥ በፊት ይላል። ሊብሬዋ በእኛ ቁጥር መካከላቸው ቁጭ ብሏል። ሦስቱ ተስማሙ ማለት ነው። ፎቶዎቹን ሁሉ አንስቼ፣ በሩንም ሦስት ጊዜ አንስቼ፣ የሚለኝን ግን አልሰማሁትም ነበር። ያ የ60 ፋሻ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው ሰው ካለ በቡና እሰጣለሁ።

ከፊት ኮፈኗ ሥር ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳም እንድትረሷት አልፈልግም። የሻሲ ዓይነት፣ የሞተር ዓይነት፣ እና ለመለዋወጫ ማዘዣ የሚሆን የራሱ ቁጥር አለባት። ፋብሪካው በየጊዜው ዕቃ ስለሚቀያይር፣ ከዓመቱ ይልቅ በዚህ ቁጥር ነው ትክክለኛው ዕቃ የሚታወቀው። ቀለም ስትቀቡ ይቺን ሰሌዳ አትንቀሏት። የተነቀለች ሰሌዳ ያላት መኪና ጥርጣሬ ይከተላታል።

ከሊብሬው ትምህርት በኋላ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፏን ኮፒ አገኘሁ። ጣልያንኛ ነው። ጣልያንኛ አልችልም። ጋሼም አያነቡም። ግን አንድ እሑድ እኔ እንደመጣልኝ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ አንድ ነገር ሆነ። «ባሌስትራ» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰርባቶዮ» ስል «ሰልባትዮ» ብለው አረሙኝ። «ኩሺኔቶ» ስል «ኩሽኔታ በል» አሉኝ። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ቴስታታ። ገጽ በገጽ እየሄድን ስልሳ ዓመት በጋራዥ አፍ የኖረውን ቃል መጽሐፉ ውስጥ አገኘነው። ጋሼ በዚያ ቀን የነበራቸውን ፊት ልረሳው አልችልም። ፊደሉን ሳያውቁት መጽሐፉን ያውቁት ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ጓርኒሲዮን ስንል ቴስታታውን ከሞተር ጋር የሚያሽገውን ነው በአብዛኛው የምናስበው። መጽሐፉ አንዲት ጓርኒሲዮን ጠቅሶ እኛ ሞተሩን ዙሪያ ግማሽ ከሰዓት ፈለግናት። ለካ የኋላ መስታወት ዙሪያ የሚገባው ላስቲክ ነው። ጣልያኖቹ የሚያሽግ ነገር ሁሉ ጓርኒሲዮን ነው የሚሉት። ስለዚህ በመዝገቤ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጌያለሁ፣ አንዱ የመጽሐፉ ስም፣ አንዱ ጋሼ የሚሉት ስም። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ስሄድ የምይዘው የጋሼን ዓምድ ነው። ጣልያን ስጽፍ የመጽሐፉን።

ቀለሟ አጭር ታሪክ ነው። በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ በውኃ ወረቀት ክብ በክብ ሞረድኩ። እንደ ሽንኩርት ተገለጠ። ላይ ክሬም፣ ከሥሩ የታክሲው ሰማያዊ፣ ከሥሩ ስቱኮ፣ ከሥሩ ግራጫ። ግራጫው የፋብሪካ ይሁን መሠረት ቀለም በዚህ አይለይም። ዳሽቦርዱን ስፈታ ከጀርባው፣ ማንም ያልነካው ቦታ ላይ፣ ያው ግራጫ እያብረቀረቀ አገኘሁት። አለቀ።

የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ የታክሲው ዘመን ጥገና ነው። መጀመሪያ እንደ ቆሻሻ ነበር የማየው። የበሩ ማጠፊያ ፒን ከፌሮ ተሞርዶ የተሠራ ነው። የመስታወቱ ላስቲክ ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ነው። ዲናሞው ሥር ያለችው ሮንዴላ ቆርኪ ናት፣ ተደቅድቃ መሐሏ የተበሳ። ሁሉንም ልጥል ነበር። ጋሼ ቆርኪዋን ከእጄ ወሰዷት። «ይሄን የሠራ ሰው ዲናሞው ለምን ቺንጊያ እንደሚበላ ገብቶታል» አሉ። ቺንጊያ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። እውነትም ስለካው ዲናሞው ያለ እሷ ዝንፍ ይል ነበር።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ደግሞ ዌበር ነው። ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ ላይ የተመታው ቁጥር 110 ይላል፣ ማለትም 1.10 ሚሊሜትር። የ1 ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ፑንታ በጀርባዋ ስሞክር ግን ጥብቅ ብላ ነው የገባችው። አንድ ሰው ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ አጥብቦ እንደገና በስቶታል። ድሮ ብሆን ተበላሽቷል ብዬ እጥለው ነበር። ግን እዚህ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ቀጭን ነው። በፋብሪካዋ ከተማ በቱሪን የተመጠነው ቤንዚን እዚህ ይበዛባታል፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላ ታጠቁራለች። ያ ስሙን የማላውቀው መካኒክ ሞተሯን ለአዲስ አበባ አየር ቆንጥጦ ነበር የተወው።

ከዚያ በኋላ መዝገቤ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፣ የምልክት። «ፋ» የፋብሪካ። «ታ» የታክሲ ዘመን። «እ» እኔ የጨመርኩት። የ«ታ» ዕቃ አሁን አይጣልም። ቢቀየር እንኳ ከነፎቶው ሳጥን ይገባል። ለኦሪጅናልነት የሚጨነቁ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም። ዲናሞው ማኜቲ ማሬሊ፣ ሰዓቶቹ ቬሊያ፣ መብራቱ ካሬሎ መሆኑ ነው ለእነሱ ቁም ነገሩ። እኔም እነዚያን ስሞች ሳገኝ እደሰታለሁ። ግን ፌሮ ፒኑን አልጥልም።

ጎረቤቴ በቅርቡ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ወደዚያው ነው። ማታ ማታ ሶኬት ሰክቶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ዛሬስ ስንት ቡሎን?» ይለኛል። እስከ ትናንት 412 መስመር ሞልቻለሁ። ከሁለቱ ማዳበሪያዎች አንዱ ባዶ ሆኗል። ከሁለተኛው ግማሽ ያህሉ ቦታው ታውቋል።

ቁጥር 409 ትንሽ የነሐስ ቡሽ ናት። መጽሐፉ ውስጥ የለችም። «ታ»ም አትመስልም፣ ሥራዋ የማሽን ነው። ቅዳሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። በመነጽራቸው አዩ፣ በጥፍራቸው ፈተጉ፣ አሸተቱም። ከዚያ ሳቁ።

«ይቺ የመኪና አይደለችም» አሉ። «የስፌት መኪና ናት።»

ጣሳዋን ፈትቼ 409ን ሰረዝኩ። 411 መስመር።