የአያቴ ፎቶ ላይ ያለውን ትራክተር እንዴት ለየሁት

ትራክተሩ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ብዙ ደክሜበታለሁ። ቤታችን ውስጥ ለዓመታት «ፎርድሰን ነው»፣ «የለም፣ ፊያት ነው» ሲባባሉ ኖረዋል። ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረስኩበትም ልጻፈው አልኩ። አልበሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም፤ ነጩ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። አያቴ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ፓራፋንጎው ላይ አንድ ልጅ ቁጢጥ ብሏል። ከኮፈኑ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ የአንደኛው ጋቢ የትራክተሩ ስም የተጻፈበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ከኋላ የታጨደ የስንዴ ማሳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጭላሎ ተራራ። ቦታው አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ መሆኑን ሁሉም ይስማማል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጥር 1961» ተብሎ ተጽፏል።

በስልክ ከማንሳት ይልቅ ስካን አስደረግሁት። ስልክ ነጸብራቅ ያመጣል፣ ጠርዝ ያጣምማል፤ በኋላ ልኬት ሲመጣ ደግሞ ጠማማ ፎቶ ዋጋ የለውም። በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ነው ያሠራሁት፣ ያውም በከለር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለምን በከለር ስካን ይደረጋል ለሚል ሰው፣ ምክንያቱ እድፉ ነው። ቡናማው ነጠብጣብ ከምስሉ የሚለየው በቀለሙ ነው። በግራጫ ስካን ካደረጋችሁት እድፉም የትራክተሩ አካል መስሎ ቁጭ ይላል። ጀርባውንም አብራችሁ አስደርጉ።

ቀጥሎ ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ እንደሆነ አጣራሁ። የድሮ ፊልም በተቃራኒው ፊቱ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የጭስ ማውጫውም የመሪውም ቦታ ያሳስታል። የአያቴ ኮት የደረት ኪስ በግራቸው በኩል ነው። ስለዚህ ፎቶው ልክ ነው።

ከዚያ ቤተሰቡን ጠየቅሁ። ትልቁ አጎቴ «ፎርድሰን ነበር፣ ሰማያዊ» አሉ። አክስቴ ደግሞ «ቀይ ነበር፤ ቸርኬው ብርማ። አባቴ ሲወርድ ቀዩ አቧራ ከቀዩ ቀለም ጋር ተደባልቆ ሱሪው ላይ ይቀር ነበር» አለችኝ። ፎቶው በዚህ ክርክር ላይ አያስታርቅም። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ቀይም ሰማያዊም ተመሳሳይ ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የሁለቱን ቃል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ፎርድሰን ሜጀር ሰማያዊ ሆኖ ቸርኬው ብርቱካናማ ነው። ፊያት ራሱ ብርቱካናማ ነው። የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማሲ ፈርጉሰን ኮፈኑ ቀይ፣ ሞተሩ ግራጫ፣ ቸርኬው ብርማ ነው። አክስቴ ስለ ቸርኬው ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። ሰው ሳይጠየቅ የሚጨምረው ዝርዝር ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ብረቱ። ቀለም ይለወጣል፣ ስም ይሸፈናል፣ መብራትና የጭስ ማውጫ በየጋራዡ ይቀየራል። የማይለወጠው የአካሉ መጠንና የኮፈኑ ቅርጽ ነው። አፍንጫውን ሳየው አራት ማዕዘን ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ መብራቶቹም ግሪሉ ውስጥ የገቡ። ይህ ብቻውን ብዙ እጩዎችን ጣለ። ግራጫው ፈርጉሰን ቲኢ 20፣ ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ኮቨንትሪ የተሠራው፣ ክብ አፍንጫ ነው ያለው። እሱን የተካው 35ም እንደዚያው። ፎርድሰን ሜጀርም አፍንጫው ክብ ነው። አራት ማዕዘኑን መልክ ማሲ ፈርጉሰን ይዞ የመጣው በ1964 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ 135 እና 165 ያሉበትን ተከታታይ ሲያወጣ ነው።

135 ወይስ 165? ሁለቱ በመልክ ወንድማማች ናቸው። እዚህ ላይ መለካት ግድ ሆነ፤ ከሥራው ሁሉ የወደድኩትም ይህንን ነው።

ፎቶ ላይ ሜትር የለም። የጎማ ቸርኬ ግን አለ፣ ቸርኬ ደግሞ በታወቀ ኢንች ነው የሚሠራው። ቲኢ 20 ብዙውን ጊዜ ከኋላ 28 ኢንች፣ ከፊት 19 ኢንች ነው። 135 በብዛት ከኋላ 28፣ ከፊት 16 ነው። 28ን ለ19 ብናካፍል 1.47 ይመጣል፤ 28ን ለ16 ስናካፍል 1.75። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ በማስመሪያ ለካሁ። የኋላው ቸርኬ ቁመት 42 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ 24። ሲካፈል 1.75።

ቁመት ያልኩት በምክንያት ነው። ትራክተሩ ፊት ለፊቴ በጎኑ አልቆመም፤ ትንሽ ዞር ብሏል። ዞር ያለ ጎማ ወደ ጎን ይጠባል እንጂ ከላይ ወደ ታች አያጥርም። ስለዚህ ቸርኬ ሁልጊዜ በቁመቱ ይለካል። የጎን ስፋቱም ቢሆን አይጣልም፣ ትልቅ ሥራ አለው። የኋላው ቸርኬ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ነበር። 36 ለ42 ሲካፈል 0.86 ገደማ ነው። ይህ ማለት በመዞሩ ምክንያት የትራክተሩ ርዝመትም ወደ 86 በመቶ አጥሮ ይታያል ማለት ነው። ይህን ከፊት ጎማ ላይ አትውሰዱ፤ የፊት ጎማ በመሪ ይዞራልና ለብቻው ሌላ አቅጣጫ ሊያይ ይችላል።

ከኋላው ጎማ መሐል እስከ ፊተኛው መሐል 93 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለ0.86 ሳካፍለው 108 ገደማ። 108 ከ42 ጋር ሲነጻጸር ወደ 2.6 እጥፍ ነው። 28 ኢንች 71 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ2.6 ሲባዛ ወደ 185 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የ135 በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 183 ገደማ ነው። የ165 ግን ከዚያ ይረዝማል። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

ግን ልኬት ሁሉን አይፈታም። በእጅ ሲለካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለቱ አይቀርም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ፎርድ 3000ም አራት ማዕዘን አፍንጫ አለው፤ ርዝመቱም ከ135 ብዙ አይርቅም። የአጎቴ «ሰማያዊ» ተመልሶ ሊመጣ ነው። ስካኑን ከፍቼ አፍንጫውን ብቻ አጉልቼ አየሁ። ግሪሉ አናት ላይ ብሩህ ነጥብ አለች። ከሩቅ ጭረት ትመስላለች። ስትጎላ ግን ጠርዟ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጧ ደግሞ ተከፋፍሏል። የማሲ ፈርጉሰን ምልክት ሦስት ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ላይ ናቸው። በዚህች ሩዝ በምታክል ነጥብ ፎርድ ከእጩነት ወጣ።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ስካኑን ለዘመድ ስልክ፣ አሜሪካ የተወለደው የአጎቴ ልጅ «አይሆንም» ብሎ ጻፈልኝ። «ጀርባው 1961 ይላል፣ 135 የወጣው በ1964 ነው።» ልጁ ትክክል አስቧል፣ አቆጣጠሩ ግን ሌላ ነው። ጥር 1961 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 1969 መጀመሪያ ነው። እንዲያውም ቀኑ ረዳኝ። አርሲ ውስጥ በጥር ስንዴው ታጭዶ ገለባው ማሳ ላይ ይቀራል፤ ከአያቴ ጀርባ የሚታየውም እሱው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከዓመታት በኋላ በግምት የተጻፈ አይመስለኝም። የውጭ ማኑዋልና የቤት ፎቶ ስታመሳክሩ ዓመተ ምሕረቱን ከሁሉ በፊት መልሱት፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ትራክተር ካለበት ሊሰርዘው ይችላል።

አሰላ ሄጄ አንድ አዛውንት መካኒክ አገኘሁ። ግቢያቸው ውስጥ አንድ 135 ቆሟል። ኮፈኑ የለም፣ ሞተሩ ግን አለ። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ፈለጉ፣ ቆይተው «አጎትህ ድምፁን ያስታውሳሉ?» አሉኝ። እዚያው ደወልኩላቸው። አጎቴ በስልክ አሰሙን፤ ዱክ ዱክ ዱክ፣ ትንሽ የሚያነክስ ድምፅ። መካኒኩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሦስት ሲሊንደር ነው፣ የኔ ልጅ። ፐርኪንስ። የ165ቱ አራት ነው፣ እንዲህ አያነክስም።» ልክ ናቸው፤ 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ነው የነበረው። ፎርድ 3000ም ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ድምፁ ብቻውን አይበቃም። ከምልክቷና ከልኬቱ ጋር ሲደመር ግን በቂ ነው። ለአጎቴም ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው። «ሰማያዊው እንግዲህ የጎረቤት ነበር ማለት ነው» አሉ፤ ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ ከሞተሩ አልፈው ሰዎቹን አነሱ። ይህን ካልጻፍኩ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። በስዊድን እርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የምንለው፣ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። የተሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፣ ምርት ጨመረ። ምርት ሲጨምር ባለመሬቱ «ራሴ ላርሰው» አለ፤ ትራክተር ገዛ ወይም ተከራየ። ጭሰኛው ከመሬቱ ተነሳ። አያቴ ባለመሬት አልነበሩም፤ ለአንድ ባለመሬት ተቀጥረው የሚነዱ ሾፌር ነበሩ። ደሞዛቸው እናቴን አስተምሯል። ያ ማሳ ደግሞ ከዚያ በፊት የሌሎች ቤተሰቦች እንጀራ ነበር። «ሾፌሩ ምን ያድርግ» አሉኝ መካኒኩ፣ «ግን ትራክተሩ ሲመጣ የሚያለቅስ ሰው ነበር።» የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ ያ ሁሉ ተገለበጠ። አያቴም መሪውን ለቀቁ።

ፎቶውን ሳየው ኩራቱንም ይህንንም አብሬ አያለሁ። ለልጆቼም ሁለቱንም ነው የምነግራቸው።

በመጨረሻ መግለጫውን ጻፍኩ። ፎቶው ጀርባ ላይ አልጨመርኩም፤ የቀደመው የእርሳስ ጽሑፍ ብቻውን እንዲቆይ ፈለግሁ። ለብቻው ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፍኩና አብሬ አስቀመጥኩት፤ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ እርሳስ ግን አይሰርግም። እንዲህ ይላል፦ «ማሲ ፈርጉሰን 135። ኢተያ አካባቢ፣ ጥር 1961 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.)። ሞዴሉ በኮፈኑ ቅርጽ፣ በቸርኬው ልኬትና በአፍንጫው ምልክት የተረጋገጠ። የተሠራበት ዓመት ከ1964 መጨረሻ እስከ 1969 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባለው ውስጥ። ቀለሙ ቀይ፣ በአክስቴ ቃል።» እርግጠኛ የሆንኩበትንና በቃል የተነገረኝን ለይቼ ነው የጻፍኩት። ፓራፋንጎው ላይ ለተቀመጠው ልጅ ስም አንድ መስመር ክፍት ትቼለታለሁ። አክስቴ የጎረቤት ልጅ ነው ትላለች፤ ያ ቤተሰብ አሁን አዳማ ነው ያለው፣ ስልካቸውን እያፈላለግሁ ነው።