የድሬዳዋ ነጋዴ ቢሮን ኔትወርክ እንዴት እንደምፈትሽ

በ2014 ዓ.ም የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ከተከፈተ ወዲህ ከከዚራም ከሳቢያንም ሰፈር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «የውጭ ደንበኛችን የደህንነት ሰርተፍኬት አምጡ ብሎናል፤ ስንት ያስከፍላል?» ዋጋ ከመናገሬ በፊት ደንበኛው የጻፈላቸውን ኢሜይል አያለሁ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉና። ስካን የታወቁ ክፍተቶችን በሶፍትዌር መልቀም ነው። ፔኔትሬሽን ቴስት ክፍተቱን ተጠቅሞ የት ድረስ መግባት እንደሚቻል በሰው እጅ መሞከር ነው። አይሶ 27001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ደህንነት መስፈርት ደግሞ የድርጅቱን አሠራር ይመለከታል፤ የ2022ቱ እትም 93 የቁጥጥር ነጥቦች አሉት፤ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ዕውቅና ያለው ኦዲተር ተቋም እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱም ክትትል አለው። ብዙ ጊዜ ደንበኛው የፈለገው የፍተሻ ሪፖርት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ደብዳቤ። ማኅተምና ፊርማ የሌለበት ፈቃድ ይዤ ኬብል አልሰካም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር መግባትንም ወንጀል ስለሚያደርግ፣ ደብዳቤው ላይ የሚነኩት አድራሻዎች፣ ቀንና ሰዓቱ፣ እንዲሁም ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው ስልክ ይጻፋል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን «አይነካም» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ። ከውጭ በኩል ሲፈተሽ አንድ ወጥመድ አለ፦ የቢሮው የኢንተርኔት አድራሻ ቋሚ ካልሆነ ትናንት የተመዘገበው ቁጥር ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ቆሜ አድራሻውን በዚያው ሰዓት አረጋግጣለሁ፤ መስመሩ ከተቋረጠም ስካኑን አቁሜ እንደገና አያለሁ።

ሰዓት መምረጥ እዚህ ከተማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል በኋላ ሙቀቱ ሰውን ወደ ቤቱ ስለሚሰበስብ ከባዱን ስካን ለዚያ ሰዓት አቆየዋለሁ። ችግሩ ሠራተኛው ሲወጣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መሄዱ ነው፤ ባዶ ቢሮ ተስካኖ «ንጹሕ ነው» የሚል ሪፖርት የሚወጣው እንዲህ ነው። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሁሉም ሥራ ላይ ሳለ የተከፈቱትን መሣሪያዎች ብቻ እቆጥራለሁ፤ ማሽኖቹን ሳያጠፉ እንዲወጡ አስነግራለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ኤንማፕ በሚባለው የስካን ፕሮግራም 65,535ቱንም የቲሲፒ ፖርቶች፣ ማለትም መሣሪያው ግንኙነት የሚቀበልባቸውን ባለ ቁጥር በሮች፣ እፈትሻለሁ። ፍጥነቱን በሴኮንድ 100 ፓኬት ላይ እገድበዋለሁ፤ ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ስዊች ያረጀና ርካሽ ከሆነ ከዚያ በላይ ሲጫኑት ይደነዝዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ሊያድል ስለሚችል መሣሪያዎቹን የምከታተለው በማክ አድራሻቸው (ከፋብሪካ በተሰጣቸው መለያ ቁጥር) ነው። ፖርት 9100ን ደግሞ እተወዋለሁ፤ የፕሪንተር ነውና የተላከለትን ሁሉ ያትማል፤ አንድ ጥቅል ወረቀት በማይነበብ ፊደል ሲሞላ ማየት የሚፈልግ የለም።

በመጀመሪያ የማየው ራውተሩን ነው። ማርካው ማይክሮቲክ ከሆነ ራውተሩ የሚታዘዝበት ፖርት 8291 ወደ ውጭ መከፈት የለበትም። ሶፍትዌሩ ከ6.42.1 በታች ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 የታወቀው ክፍተት የተጠቃሚ ስምና ፓስወርዱን ለማንም ያስረክባል፤ ማደስ ብቻ አይበቃም፣ ፓስወርዱም አብሮ ይቀየራል። ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለመጠቀም የሚያስችለው ፖርት 3389 (ሪሞት ዴስክቶፕ) ከውጭ ከታየ የቀረውን ፍተሻ አቁሜ ባለቤቱን በዚያው ሰዓት አሳውቃለሁ፤ ሪፖርት እስኪጻፍ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ከዚያ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር። የሒሳቡ ፎልደር ለሁሉም ሰው መጻፍና ማጥፋት ተፈቅዶ ሼር የተደረገ ከሆነ፣ አንዷ ጸሐፊ የከፈተችው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የዓመቱን ሒሳብ ለመቆለፍ የአድሚን ፓስወርድ አያስፈልገውም። ባክአፑ እዚያው ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ አብሮ ይቆለፋል። ሌላው ስካነር የማያሳየው ነገር ያልተገዛ ዊንዶውስን «አክቲቬት» የሚያደርገው ፕሮግራም ነው። ጫኚው አንቲቫይረሱ እንዳይከለክለው አንድ ፎልደር፣ አንዳንዴም ሙሉውን ሲ ድራይቭ፣ ከፍተሻ ውጭ ያደርገዋል። የዊንዶውስ አንቲቫይረስ ዲፌንደር «በርቷል» ይላል፤ የሚጠብቀው ግን የለም። የኤክስክሉዥን ዝርዝሩን በእያንዳንዱ ማሽን ላይ በእጄ ከፍቼ አያለሁ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን እንደ ኢሜይሉ አያሳስበኝም። አስመጪና ትራንዚተር ገንዘቡን የሚያጣው በአብዛኛው እዚያ ነው። ሌባው የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ «ፕሮፎርማ» ወይም «ባንክ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ወደ ራሱ የሚያስተላልፍ ሩል (ሳጥኑ በራሱ የሚፈጽመው ትእዛዝ) ይጽፋል፤ ክፍያ ሲቃረብ የሂሳብ ቁጥሩ የተቀየረ ኢንቮይስ ይልካል። ፓስወርድ መቀየር ሩሉን አያጠፋውም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሳጥን የማስተላለፊያ ሩሎች ዝርዝር አወጣለሁ። የድሬዳዋና የጅቡቲ ሠራተኞች በአንድ ፓስወርድ አንድ ሳጥን ሲጠቀሙ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ «አይመችም» ተብሎ ይዘጋል፤ መፍትሔው ለየሰው አካውንት ሰጥቶ ሳጥኑን ማጋራት ነው። የድሮዎቹ የኢሜይል መቀበያ መንገዶች፣ ፖፕና አይማፕ፣ በፓስወርድ ብቻ የሚያስገቡ ከሆነ እነሱም ይዘጋሉ።

በዶሜይኑ (ከኢሜይሉ @ ምልክት በኋላ ባለው የድርጅቱ ስም) በኩል ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ መኖራቸውን አያለሁ፦ ኤስፒኤፍ በስማችን መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፣ ዲኪም መልእክቱን ይፈርማል፣ ዲማርክ ማረጋገጫውን ያላለፈው ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። ኤስፒኤፍ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስም ማውጫ) ፍለጋ ከጠየቀ ይከሽፋል፤ ለየአገልግሎቱ አንድ መስመር እየጨመሩ የሄዱ ሁሉ እዚያ ይደርሳሉ። ዲማርክን በአንድ ጊዜ «ሪጀክት» (አትቀበል) ላይ ማድረግ ደግሞ የራስን ኢንቮይስ ያስመልሳል። በ«ነን» (ምንም ሳይከለክል ሪፖርት ብቻ) ጀምሬ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጡትን ሪፖርቶች አነባለሁ፣ ሕጋዊ ላኪዎችን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ወደ «ኳራንቲን» (ለይተህ አስቀምጥ)፣ በመጨረሻ ወደ «ሪጀክት» አሳልፋለሁ። አንድ ፊደል ተቀይሮ የተመዘገበ ተመሳሳይ ዶሜይንን ዲማርክ አያስቆመውም። ለዚያ ያለው መድኃኒት የሂሳብ ቁጥር ተቀየረ ሲባል ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ መደወል ነው፤ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም።

ሪፖርቱን ስጽፍ የክፍተቶችን ክብደት ከ0 እስከ 10 የሚለካውን የሲቪኤስኤስን ነጥብ እጠቅሳለሁ እንጂ ቅደም ተከተሉን አልተውለትም፤ የጋራ ፓስወርድ ምንም ነጥብ የለውም፣ በእኔ ሪፖርት ግን አንደኛ ይቀመጣል። እርማት ከተደረገ በኋላ ከዚያው ኬብል፣ በዚያው ቅንብር እንደገና እፈትሻለሁ፤ ከሌላ ቦታ የተደረገ ፍተሻ ፋየርዎሉ ስለጋረደው ብቻ «ተስተካክሏል» ሊል ይችላል።

ሥራውን መጀመር የሚፈልጉ ወጣቶች የትኛውን ፈተና እንውሰድ ይሉኛል። ሴኩሪቲ ፕላስ ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ ቃላቱንና መሠረቱን ያስይዛል፣ ሰርጎ መግባትን ግን አያስተምርም። ኦኤስሲፒ የእጅ ሥራ ነው፦ 23 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ከ100 ነጥብ 70 ማለፊያ፣ ከዚያ ለሪፖርቱ ሌላ 24 ሰዓት። ከቤት ሆኖ በካሜራ እየታዩ የሚፈተኑት ስለሆነ፣ ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ) ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ሞደሙና ራውተሩ ላይ ይሰኩ፤ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው። የሞባይል ዳታም ተሞልቶ በተጠባባቂ ይቀመጥ።