ለሁለት አገር የተጫወተን ሰው ታሪክ እንዴት ጻፍኩት

ራግቢ ማየት የጀመርኩት ለሥራ ብዬ ነው። የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ስለ ራግቢ የማውቀው ኳሱ እንቁላል መምሰሉን ብቻ ነበር። አርታኢዬ «ለሁለት አገር የተጫወተ የራግቢ ሰው ፈልግና ታሪኩን ጻፍልን» ሲለኝ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ተቀበልኩ። በሁለት ቀን የምገላገለው መስሎኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያውም አንድ ትልቅ ስህተት ሠርቼ።

የመረጥኩት ክርስቲያን ሌአሊፋኖን ነው። ስሙን በፊደላችን ለመጻፍ ራሱ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ደልዣለሁ። በ1987 ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ቤተሰቡ ከፓሲፊኳ ደሴት አገር ከሳሞአ ነው። በልጅነቱ አውስትራሊያ ገብቶ እዚያው አደገ። ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ለዋላቢስ ተሰለፈ፤ በመጨረሻም ለሳሞአ።

የመጀመሪያው ረቂቄ «አገር የቀየረው ሰው» ብሎ ይጀምር ነበር። ልክ ከአንድ ክለብ ወደ ሌላው እንደ ተዛወረ አጥቂ አድርጌ ነው የሳልኩት። «ፊቱን አዞረ» የሚል ሐረግ ሁሉ ነበረበት። አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

ያሳሳተኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጨዋታዎቹን ብቻ በተርታ ስትደረድራቸው አውስትራሊያ ቀድማ፣ ሳሞአ መጨረሻ ትመጣለች። ሰውየው ትልቁ ቡድን ውስጥ ጉልበቱን ጨርሶ፣ ዕድሜው ሲገፋ ወደ ትንሹ የወረደ ይመስላል። ገጹን ቀድጄ ከቤተሰቡ ስጀምር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ለካ ሳሞአ ከኳሱም በፊት ቤቱ ውስጥ ነበረች።

ከዚያ ደንቡን ማጥናት ነበረብኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ድሮ በራግቢ ከአገር አገር መሻገር ብዙም አያስቸግርም ነበር። ማይክል ጆንስ በ1986 ለምዕራብ ሳሞአ (ያኔ የሳሞአ ስም ነው) አንድ ጨዋታ ተጫወተ፤ በዓመቱ ከኒውዚላንድ ጋር የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አነሳ። ፍራንክ በንስ ደግሞ በ1991 የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ሳሞአ ዌልስን በገዛ ሜዳዋ፣ ካርዲፍ ላይ፣ 16 ለ 13 ስታሸንፍ ተሰላፊ ነበር። በዓመቱ የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድንን የኦል ብላክስን ጥቁር ማልያ ለበሰና 55 ጊዜ ተጫወተበት። መንገዱ በአብዛኛው ከደሴቶቹ ወደ ሀብታሞቹ ነበር።

ከ2000 ጀምሮ በሩ ተዘጋ። ለአንድ አገር ዋና ቡድን አንዴ ከተሰለፍክ አለቀ። ተቀይረህ ገብተህ አንድ ደቂቃ ብትጫወትም ያው ነው። በኦሊምፒኩ የሰቨንስ (ሰባት ለሰባት የሚጫወቱት ራግቢ) ውድድር በኩል ከምታሾልክ ጠባብ ቀዳዳ በቀር መውጫ አልነበረም። በሩ እንደገና ገርበብ ያለው በኖቬምበር 2021 በተወሰነውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሠራው ማሻሻያ ነው። ሦስት ዓመት ለማንም አገር ሳትሰለፍ ትቆያለህ። አንተ ወይ ወላጅህ ወይ አያትህ በአዲሱ አገር የተወለዳችሁ መሆን አለባችሁ። ዕድሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ የተሸወድኩት እዚችው «ሦስት ዓመት» ላይ ነው። በራግቢ ደንብ ሌላ ሦስት ዓመት ነበረች። በዘር የማይገናኝ ተጫዋች አንድ አገር ውስጥ ሦስት ዓመት ከኖረ ለዚያ አገር መሰለፍ ይችል ነበር፤ በኋላ አምስት ተደርጓል። እኔ ሁለቱን ደባልቄ «ሌአሊፋኖ ሳሞአ ውስጥ ሦስት ዓመት ከኖረ በኋላ» ብዬ ቁጭ። አርታኢዬ በቀይ አስምሮ መለሰልኝ። ከሥሩ «ይሄን ሰውዬ ሳሞአ ወስዶ ያስቀመጠው ማነው?» ይላል። ኩም አልኩ። ሰውየው በዚያ ጊዜ ጃፓንና ኒውዚላንድ ክለብ ሲጫወት ነበር።

ሌሎች አሳጥረው ከጻፉት ላይ ስለቀዳሁ ነው እንዲህ የሆንኩት። ከዚያ በኋላ ደንቡን ራሱን ከፍቼ አነበብኩ፤ ይሰለቻል፣ ግን አያጃጅልም። ቀኖቹንም በእጄ ቆጠርኩ። ለአውስትራሊያ የመጨረሻ ጨዋታው ኦክቶበር 19 ቀን 2019 ነው። በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ በእንግሊዝ 40 ለ 16 የተረቱበት ዕለት። ሦስት ዓመቱ በኦክቶበር 2022 ሞላ። የዓለም ዋንጫው በ2023 ሴፕቴምበር። ተገጣጠመ!

የተጫዋቹን ማንነት ያወቅኩት ግን ከቪዲዮ ነው። ጁን 22 ቀን 2013፣ ብሪዝበን። ተጋጣሚው የብሪታኒያና አየርላንድ ላየንስ ነው፤ ከአራት አገር የተውጣጣ ቡድን፣ አውስትራሊያን በየ12 ዓመቱ ብቻ የሚጎበኝ። ለሌአሊፋኖ የመጀመሪያው የዋላቢስ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ተጀመረ። ጆናታን ዴቪስ ኳሱን ይዞ መጣ፤ ሌአሊፋኖ ጎንበስ ብሎ ሊጥለው ገባ፤ ጭንቅላቱን ተመታ። ደቂቃ እንኳን አልሞላም። እጁ ሳይንቀሳቀስ ሣሩ ላይ ቀረ። በቃሬዛ ወጣ። ድምፁን አጥፍቼ አራት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ዓመታት የጠበቅከው ነገር ከመቀመጫህ ተነሥተህ ውሃ እስክትጠጣ በማይፈጅ ጊዜ ሲያልቅ ማየት ይከብዳል።

በሳምንቱ ሜልበርን ላይ ከዚያው ከላየንስ ጋር ተሰለፈ። አውስትራሊያ 15 ለ 9 እየተመራች ነው፤ ማብቂያው ተቃርቧል። አዳም አሽሊ ኩፐር ትራይ አስቆጠረ። ትራይ ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ማዶ መሬት ላይ መጫን ነው፤ አምስት ነጥብ ያስገኛል፤ 15 ለ 14። ቀጥሎ ያለችው ምት ሁለት ነጥብ ናት። ከገባች ድል፣ ከሳተች ሽንፈት ሊሆን ይችላል። መቺው ማን መሰላችሁ? የቃሬዛው ሰው። አስገባት። 16 ለ 15። ከ16ቱ ነጥብ 11ዱ በእሱ እግር የመጡ ናቸው።

በራግቢ ቃላት ብዙ ተቸግሬያለሁ። «ትራይ»ን «ጎል» ብለው ምን ይመስላችኋል ብዬ ነበር። ከጎሉ ይልቅ ኳሱን መሬት ላይ መጫን ነው ዋናው፤ ስለዚህ ትራይ እንዳለ ተውኩት። ለፍላይ ሃፍ ግን አልተቸገርኩም። ጨዋታውን የሚያቀናብረው ሰው ነው፤ ቁጥሩም እዚያም 10 ነው። የኳስ ተመልካች ወዲያው ይገባዋል።

ሕመሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት ሠራሁ። በኦገስት 2016 ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) እንዳለበት ታወቀ። የአጥንት መቅኔ የሰጠችው እህቱ ናት። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በጁላይ 2017፣ ለክለቡ ለብራምቢስ ተቀይሮ ገባ። እኔ ግን ይህን ታሪክ በሁለት ገጽ እንባ አራጨሁት። አርታኢዬ ዝም ብሎ ቆረጠው። በንዴት ቤቴ ሄድኩ። ማግስቱን ሳነበው፣ ሦስቱ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች ከሁለቱ ገጾቼ ይበልጡ ነበር። ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ሳሞአን የጻፍኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። በ2023 ፈረንሳይ ላይ 36 ዓመት ሞላው። ሳሞአ የምድቡን የመጨረሻ ጨዋታ ሊል ላይ ገጠመች። ከማን ጋር? በአውስትራሊያ ማልያ መጨረሻ ከገጠመው ከእንግሊዝ ጋር። ሳሞአ ብዙ ጊዜ መርታ 18 ለ 17 ተሸነፈች። የእንግሊዙ ኦወን ፋረል ምት ሊመታ ተዘጋጅቶ፣ ሰዓቱ አልቆበት ምቷ የተከለከለችበት ጨዋታ ነው። እንደገና አንድ ነጥብ፤ አሁን ግን በተቃራኒው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ቁጥሩ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። ጽሑፉንም ያለ ምንም ማብራሪያ እዚያው ላይ ተውኩት።

አሁን እንዲህ ያለ ታሪክ ስጀምር ወረቀት ላይ አራት መስመር አሰምራለሁ። የት ተወለደ፣ ወላጆቹ የት፣ አያቶቹ የት፣ የመጨረሻ ጨዋታው መቼ። የአያት ነገር ቀልድ አይደለም። ሼን ሃዋርዝ ለኒውዚላንድ 4 ጊዜ ከተጫወተ በኋላ በአያቱ በኩል ዌልሳዊ ነኝ ብሎ ለዌልስ 19 ጊዜ ተሰልፏል። በ2000 ሲጣራ አያቱ ዌልስ የተወለዱ አልነበሩም።

ቀጣዩ ወረቀቴ ላይ ያለው ሊማ ሶፖአጋ ነው፤ የመጨረሻው የኦል ብላክስ ጨዋታው 2017፣ ሳሞአ 2023። ርዕስ ገና አላወጣሁለትም። «አገር የቀየረው» ግን አይሆንም።